«ቅርጫት ኳስ አይሠለጠንም»፦ የፎግ አለን የሥራ ዘመን

ጄምስ ኔይስሚዝ ቅርጫት ኳስን የፈጠረ ሰው ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖ ግን 55 ጨዋታ አሸንፎ 60 ተሸንፏል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የበዛ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። ይህ ነገር ኔይስሚዝን እንቅልፍ የሚነሳው አልነበረም። ሐኪምም የሃይማኖት ሰውም ነው፤ ጨዋታውን በ1891 ያበጀው ወጣቶች በክረምቱ ብርድ ቤት ውስጥ ሆነው ላብ እንዲያወጡ ነው። ለዚህ ደግሞ አሠልጣኝ ምን ይሠራል? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቀን በአቅራቢያው ባልድዊን ከተማ ያለው ቤከር ዩኒቨርሲቲ ከኔይስሚዝ ተማሪዎች አንዱን ለአሠልጣኝነት ፈለገው። ኔይስሚዝ ሳቀ። ቅርጫት ኳስ እኮ ይጫወቱታል እንጂ አያሠለጥኑትም፣ አለው ለልጁ። ልጁ የዋዛ አልነበረም። የቅጣት ውርወራ ማስተማር ይቻላል፣ ኳስ በማዕዘን ማቀበል ይቻላል፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየታጠፉ መሮጥም ይቻላል ብሎ መለሰ። ሥራውንም ያዘ።

ይህ ልጅ ፎረስት አለን ነው። ተማሪና መምህር የተከራከሩባት ያቺ ቅጽበት በአሜሪካ ኮሌጆች «አሠልጣኝ» የሚባል ሙያ እንዴት እንደተፈጠረ ለማየት ከማውቃቸው መግቢያዎች ሁሉ የተሻለችው ናት። አለን ብዙ ስላሸነፈ ብቻ አይደለም የምለው። ሰውየው ሙያውን ሲሠራ ከሜዳው መስመር ውጭ የዋለበት ጊዜ፣ ውስጥ ከዋለበት አይተናነስም።

ስሙን አስቀድመን እንጨርስ። «ፎግ» የጭጋግ ፎግ ነው፤ መርከቦች በጭጋግ ውስጥ እንዳይጋጩ ከሚነፉት ጡሩምባ የመጣ ቅጽል ነው። አለን በወጣትነቱ የቤዝቦል ዳኛ ሆኖ ሲጮህ ድምፁ እንደዚያ ጡሩምባ ነበርና «ፎግሆርን» አሉት። ኋላ አንድ ጋዜጠኛ ሆሄውን ለማሳመር ለውጦ ጻፈው፤ በዚያው ጸና። ተጫዋቾቹ ግን «ዶክ» ይሉት ነበር። የዚህን ምክንያት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በ1885 ሚዙሪ ውስጥ ጄምስፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ኢንዲፔንደንስ ነው። ስድስት ወንድማማቾች ናቸው፣ ሁሉም ኳስ ይወዳሉ። በ19 ዓመቱ ለካንሳስ ሲቲ አትሌቲክ ክለብ እየተጫወተ ሳለ ያደረገው ነገር ወደፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሚወጣው ይናገራል። በዚያን ጊዜ በአገሩ የሚፈራው ቡድን ከኒውዮርክ ግዛት የመጣው ቡፋሎ ጀርመንስ ነበር። አለን በ1905 እነዚህን ሰዎች ካንሳስ ሲቲ ድረስ አስመጥቶ የሦስት ጨዋታ ግጥሚያ አዘጋጀ፣ «የዓለም ሻምፒዮና» ብሎ ስም አወጣለት፣ ትልቁን የስብሰባ አዳራሽ በሰው አስሞላ፣ ራሱም ተሰልፎ ተጫወተ። የሱ ቡድን ከሦስቱ ሁለቱን አሸነፈ። አዘጋጅ፣ ማስታወቂያ ነጋሪና ተጫዋች፣ ሦስቱም በአንድ ልጅ።

ከዚያ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በኔይስሚዝ ሥር ተጫወተ። በ1907 መምህሩን ተክቶ የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ሲሆን ቤከርንም አልለቀቀም ነበር፤ በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ደግሞ ከካንሳስ ጎን ለጎን በዚያው በሎውረንስ ከተማ የአሜሪካ ነባር ተወላጆች ይማሩበት የነበረውን የሃስኬልን ቡድን ያዘ። አንድ ሰው፣ ሁለት ቡድን፣ በአንድ ክረምት። ዛሬ ይህን የሚፈቅድ ዩኒቨርሲቲ አይገኝም። ያን ጊዜ የተፈቀደው አሠልጣኝነት ሙሉ ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው ብሎ ያሰበ ስላልነበረ ነው።

በ1909 ሁሉንም ትቶ ሄደ። የሄደው ኦስቲዮፓቲ ለመማር ነው፤ አጥንትና ጡንቻን በእጅ እያሹና እያስተካከሉ የማከም ትምህርት። እኛ ዘንድ ቡድን ሲባል አሠልጣኙ ሌላ፣ ወጌሻው ሌላ ነው። አለን ሲመለስ ሁለቱንም ሆኖ ተመለሰ፤ «ዶክ» የተባለው በዚህ ነው። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ ወደ ሌላ ሰው አይላክም፣ አሠልጣኙ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በራሱ እጅ ያሸዋል። ዝናው ወጥቶ የሌላ ቡድን ተጫዋቾች፣ የቤዝቦል ባለሙያዎች ሳይቀሩ፣ ወገባቸውንና ትከሻቸውን ይዘው ሎውረንስ ድረስ ይመጡ ነበር። እኔ ይህን የምመለከተው እንደ ጌጥ አይደለም። የተጫዋቹን ጉልበት በጣቱ የሚያውቅ አሠልጣኝ፣ ማን ሮጦ ማን እንደሚያስመስል ለማወቅ ከሜዳ ዳር መጮህ አያስፈልገውም።

መጮህማ ቢፈልግም አይችልም ነበር። ለዛሬ ተመልካች ይህ ለማመን ይከብዳል፦ በአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ አሠልጣኝ በእረፍት ደቂቃ ተጫዋቾቹን ማነጋገር በሕግ አይፈቀድለትም ነበር። ቡድኑ እረፍት ሲጠይቅ ልጆቹ ሜዳው ውስጥ ተሰብስበው እርስ በርስ ይመካከራሉ፤ አሠልጣኙ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል። አለን በጨዋታ ወቅት ከጎኑ በማይጠፋው ጠርሙስ ውኃ እየተጎነጨ መቀመጡ የታወቀ ልማዱ ነበር። ሰሌዳ ይዞ የሚንበረከክ አሠልጣኝ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ከጨዋታው በፊት ማለቅ ነበረበት፦ በልምምድ፣ በቅጣት ውርወራ ድግግሞሽ፣ ሰው በሰው በሚይዘውና ቦታ በሚጠብቀው መካከል ባበጀው የመከላከል ስልት። ለዚህ ስልቱ የሰጠው ስም አንድ ትንፋሽ የሚያስጨርስ ነበር፤ ረጅም ቃል ይወድ ነበር ሰውየው። የኔይስሚዝ ሐሳብ በአንድ በኩል እውነት እንደነበረም ከዚህ ይታያል። ሕጉ ራሱ «ጨዋታው የተጫዋቾቹ ነው» ይል ነበር። አለን ይህን ሳይነካ፣ ከፉጨቱ በፊት ያለውን ሰዓት የራሱ አደረገ።

ከ1912 ጀምሮ ሚዙሪ ዋረንስበርግ በሚገኘው የመምህራን ኮሌጅ ቅርጫት ኳስንም የአሜሪካ ፉትቦልንም አሠለጠነ። ያን ጊዜ ለትንንሽ ኮሌጆች ይህ የተለመደ ነው፤ አንድ ደሞዝ ይከፈላል፣ መኸር ላይ ፉትቦል፣ ክረምት ላይ ቅርጫት ኳስ፣ ጸደይ ላይ የተገኘው። በ1919 ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መልሶ ጠራው። የጠራው ግን የስፖርት ዳይሬክተር አድርጎ ነው። የቅርጫት ኳሱ አሠልጣኝ ሌላ ሰው ነበር፤ ካርል ሽላደማን። ሽላደማን የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፎ ቡድኑን ለአለን አስረከበና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። አለን ከዚያ በኋላ 37 ዓመት አልለቀቀውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የ1920ው መኸር ነው። ፉትቦሉ አሠልጣኝ አጥቶ ስለነበር ዳይሬክተሩ ራሱ ያዘው። ለካንሳስ ፉትቦል ያሠለጠነው በዕድሜው ያቺን አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አምስት አሸነፈ፣ ሁለት ተሸነፈ፣ አንድ አቻ ወጣ። በቁጥር ካየነው ደህና ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ነገሩ ያለው አቻዋ ላይ ነው።

ኅዳር ላይ ኔብራስካ ወደ ሎውረንስ መጣ። ኔብራስካ በዚያ አካባቢ የሚፈራ ኃይል ነው። ሜዳው ማኩክ ይባላል፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ሰው የሚደረደርበት አሮጌ ሜዳ። እስከ እረፍት ኔብራስካ 20፣ ካንሳስ 0። ከእረፍት በኋላ ካንሳስ 20 አስቆጥሮ ኔብራስካን ባዶ አስቀረው፤ 20 ለ20 ተለያዩ። ድል አይደለም። ሕዝቡ ግን እንደ ድል ወሰደው፤ ከተማው ተናወጠ። አለንና የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ያ ሙቀት እስኪበርድ አልጠበቁም። በጥቂት ቀን ውስጥ ተማሪውንና መምህሩን ሰብስበው ለአዲስ ስታዲየም ቃል አስገቡ፤ በአንድ ቀን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ተመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ የዩኒቨርሲቲው ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን ታቀደ። በሚቀጥለው ግንቦት ተማሪውና መምህሩ መዶሻ ይዘው ወጥተው የማኩክን እንጨት በገዛ እጃቸው አፈረሱት፤ በ1921 ጥቅምት በአዲሱ ስታዲየም ጨዋታ ተደረገ።

ባልተሸነፈ፣ ግን ባላሸነፈም አንድ ግማሽ ጨዋታ ስታዲየም ተሠራ። የአለን ተቺዎች «ዕድል ነው» ይላሉ፤ ዕድልማ ነው። ዕድሉ ሲመጣ ደብተርና እርሳስ ይዞ በር ላይ የቆመው ግን ማን ነው? የ19 ዓመቱ የቡፋሎ ጀርመንስ አዘጋጅ ነው እዚህም ያለው።

ቅርጫት ኳሱ ላይ የ1922 እና የ1923 ቡድኖቹ ኋላ በአገር ደረጃ አንደኛ ተብለው ተቆጠሩ። በ1923ቱ ቡድን ተቀያሪ ወንበር ላይ አዶልፍ ረፕ የሚባል ልጅ ተቀምጦ ነበር። ብዙ አልተጫወተም፤ ብዙ ግን አየ። ረፕ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ይዞ የአለንን የድል ቁጥር የሚያልፈው ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ የአለን ቡድን ወንበር ላይ የተቀመጠው ዲን ስሚዝ ደግሞ ሰሜን ካሮላይናን ይዞ የረፕን አለፈ። አሠልጣኝነት አይማሩትም ለሚል ሰው፣ ሁለቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተማሩት።

በ1927 የሕግ ኮሚቴው ድሪብልን፣ ኳስ እያነጠሩ መሄድን፣ በአንድ ምት ብቻ ሊወስነው ተነሣ። ሐሳቡን የገፋው የዊስኮንሲኑ አሠልጣኝ ዋልተር ሚንዌል ነበር፤ እሱ ቅብብል የሚወድ ሰው ነው። አለን ተቆጣ። ሲቆጣ ደግሞ ሰው ይሰበስባል፦ አሠልጣኞችን አዮዋ ዴሞይን ላይ ጠርቶ ማኅበር አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ድሪብል ተረፈ። ዛሬ ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚያነጥር ልጅ ሁሉ፣ አዲስ አበባ ወወክማ ግቢ የተጫወተውም ሳይቀር፣ የዚያ ቁጣ ተጠቃሚ ነው። (ወወክማን ያነሣሁት በምክንያት ነው፤ ኔይስሚዝ ጨዋታውን የፈጠረው በዚሁ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ነበር።)

በ1936 ቅርጫት ኳስ በርሊን ኦሎምፒክ ገባ፤ አለን ለዚህ ለዓመታት ሲወተውት ከርሟል። ኔይስሚዝ ጨዋታውን በኦሎምፒክ እንዲያይ የአሠልጣኞቹ ማኅበር ከየግጥሚያው ትኬት ሳንቲም ሳንቲም አሰባስቦ የመንገዱን ከፈለለት። የፍጻሜው ጨዋታ ሜዳ ላይ፣ በዝናብ፣ በጭቃ ተደረገ፤ አሜሪካ ካናዳን 19 ለ8 አሸነፈች። ኳስ አይነጥርም ነበር። አለን ራሱ ቡድኑን አልመራም፤ አማተር ስፖርቱን ከሚያስተዳድሩት ሹማምንት ጋር ተጣልቶ ቀድሞ ወጥቷል። ፀብ ላይ ደካማ አልነበረም።

በ1939 የአሠልጣኞቹ ማኅበር የመጀመሪያውን የኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር አዘጋጀ፤ ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ፣ ማኅበሩ ደግሞ ከ2,500 ዶላር በላይ ከሰረ። አለን በሚቀጥለው ዓመት ካንሳስ ሲቲ ላይ ይደረግ፣ ሰው እኔ አመጣለሁ አለ። አመጣ፤ ውድድሩ አተረፈ። የራሱ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ በኢንዲያና 60 ለ42 ተሸነፈ። ዛሬ መጋቢት በመጣ ቁጥር አሜሪካን የሚያናውጠው ውድድር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። አለን የስፖርት ዳይሬክተር በነበረባቸው በ1930ዎቹ ጆን መክሌንደን የሚባል ጥቁር ተማሪ ካንሳስ ገባ። ኔይስሚዝ ተቀበለው፣ አስተማረው። በቡድኑ ውስጥ ግን መጫወት አይችልም፤ የኮንፈረንሱ፣ ማለትም ካንሳስ የሚወዳደርበት ምድብ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተጫዋች ላለማሰለፍ ያልተጻፈ ስምምነት ነበራቸው። ስለ ድሪብል አገር ሙሉ አሠልጣኝ የሰበሰበው አለን ስለዚህ ማንንም አልሰበሰበም። መክሌንደን በ1936 ተመርቆ ሄደ፤ በጥቁሮች ኮሌጆች አሠልጥኖ ቴነሲ ውስጥ ሦስት ተከታታይ ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። በአለን ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ላቫንስ ስኳየርስ የተሰለፈው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሙያውን ለመገንባት ያን ያህል ጉልበት የነበረው ሰው እዚህ ላይ ጉልበቱን ያልተጠቀመበት አቅም አጥቶ ነው ብዬ አላምንም።

በ1944 አለን ቁማርተኞች የኮሌጅ ተጫዋቾችን እየገዙ ነው፣ ነገሩ አንድ ቀን ይገማል ብሎ ተናገረ። ኒውዮርክ ውስጥ ስም አጥፊ አሉት። ወራት ሳይቆይ የብሩክሊን ኮሌጅ ልጆች ተያዙ፤ በ1951 ደግሞ ቅሌቱ አገር አዳረሰ። ልጆቼን ማንም አይነካቸውም ያለው የቀድሞ ተማሪው ረፕ፣ ኬንታኪው ውስጥ የራሱ ልጆች ተገኙበት፤ ቡድኑ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ታገደ።

ክላይድ ለቭሌት ከኢንዲያና ቴሬ ሆት የተገኘ ረጅም ልጅ ነው፤ አስም ነበረበት። አለን፣ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ማውንት ኦሪድ ላይ ነው፣ የከፍታው አየር ለሳንባህ ይስማማሃል ብሎ እንዳግባባው ይነገራል። ማውንት የተባለው ኮረብታ ነው፤ እንጦጦን ያየ ሰው ቢያየው ይስቃል። ልጁ ግን መጣ። በ1952 ሲያትል ላይ ካንሳስ ሴንት ጆንስን 80 ለ63 አሸንፎ ዋንጫውን ሲወስድ ለቭሌት ብቻውን 33 ነጥብ አስቆጠረ። ቀጥሎ በኦሎምፒክ ማጣሪያ ከፒዮሪያው የፋብሪካ ቡድን ጋር በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች አቻ ሳሉ፣ ያው ለቭሌት ማንም ሳይዘው ከቅርጫቱ ሥር ሳተ፤ ፒዮሪያ 62 ለ60 አሸነፈ። በዚያች አንድ ኳስ ምክንያት ሄልሲንኪ ላይ ዋና አሠልጣኝ የሆነው የፒዮሪያው ሰው ነው፣ አለን ምክትል። ሰባት የካንሳስ ልጆች ግን ቡድኑ ውስጥ ነበሩ፤ ወርቁም መጣ።

በ1955 ዩኒቨርሲቲው 17 ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሠርቶ በስሙ ሰየመለት፤ ገና በሥራ ላይ ላለ ሰው። በዚያው ዓመት ከፊላደልፊያ ዊልት ቻምበርሊን መጣ። ከመቶ በላይ ኮሌጆች የሚሻሙበት፣ ሰባት ጫማ የደረሰ ልጅ። አለን ዜናውን ሲሰማ ለቡድናችን ቢሞክር ደስ ይለኛል ብሎ ለጋዜጠኞች ቀለደ። ይህ ሰው ለዓመታት ረጃጅሞቹ ጨዋታውን አበላሹት፣ ቅርጫቱ ከ10 ጫማ ወደ 12 ይነሣ ሲል የኖረ ነው። ዊልት ከፈረመ በኋላ የ12 ጫማው ነገር ጠፋበት።

ያን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም። ኅዳር ላይ፣ አለን 70 ዓመት በሞላበት ወር፣ የመጀመሪያ ዓመቶቹ ከዋናው ቡድን ጋር ለሙከራ ገጠሙ። ዊልት 42 ነጥብ አስቆጠረ፤ ዋናው ቡድን በገዛ ሜዳው 81 ለ71 ተሸነፈ። አለን የሚቀጥለውን ዓመት ማሰብ ነበረበት። ግን የግዛቱ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በ70 ዓመቱ ይገለላል ይላል። ልዩ ፈቃድ ጠየቀ፤ የዩኒቨርሲቲዎቹ ቦርድ እምቢ አለ። ሥራው ለምክትሉ ለዲክ ሃርፕ ተሰጠ። በ1957 መጋቢት፣ በካንሳስ ሲቲ፣ ካንሳስና ሰሜን ካሮላይና ለዋንጫ ገጥመው ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ተጨምሮ ካንሳስ 54 ለ53 ተሸነፈ። ዊልት ተጨማሪ አንድ ዓመት ተጫውቶ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። አለን በዚያ ጊዜ ሎውረንስ ውስጥ ክሊኒክ ከፍቶ የሰው ወገብ ያሽ ነበር።

ቦርዱ ደንብ አስከበረ፤ ለአሠልጣኝ ብሎ ደንብ ማጠፍ የት እንደሚያደርስ ለሚያውቅ ሰው ውሳኔው ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። እኔ ግን ያቺን የአንድ ነጥብ ልዩነት ሳስብ ሁለት ልብ እሆናለሁ።

746 ድል ይዞ ነው የወጣው፤ 590ው በካንሳስ። በ1974 በ88 ዓመቱ ሎውረንስ ውስጥ ሞተ። ኔይስሚዝ ከሱ ቀድሞ በ1939 አልፏል፤ ከመሞቱ በፊት ግን «ከቅርጫት ኳስ አባት ለቅርጫት ኳስ አሠልጣኝነት አባት» ብሎ የፈረመበትን ፎቶ ሰጥቶታል። በአለን ስም የተጠራው አዳራሽ የሚገኘው ኔይስሚዝ ድራይቭ በሚባለው ጎዳና ላይ ነው። ከአጠገቡ ባለው ሕንፃ ኔይስሚዝ በ1891 ያስጻፋቸው 13 ሕጎች፣ ሁለቱ የታይፕ ገጾች፣ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ በ2010 በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ነው ያመጣቸው። ሕጎቹ ስለ ዳኞች ይናገራሉ፣ ጨዋታው አቻ ከሆነ ካፒቴኖቹ ተስማምተው ይቀጥሉ ይላሉ። አሠልጣኝ የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ የለም።